ኤሊ ሆይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ባሕር ዳር በስሟ እንጂ በባሕር አትታወቅም እያሉ የሚያሾፉ አሉ። እውነት ነው፤ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ጨው አልባ ሐይቅ ስለሆነ የባሕር ኤሊ ወጥታ እንቁላል ጥላበት አታውቅም፤ ወደፊትም አትጥልበትም። ይህ በጎጃም ላይ የተፈጸመ ትልቅ በደል ነው። ኤሊ ስትጥል ለማየት እንደ እኛ የጉዞ ቡድን የተሰናዳ ሕዝብ ከየት ይገኛል? መብራቱ ሙሉ፣ ድምፁ ሙሉ፣ ፌስታሉ ሙሉ።

ኤሊዎቹ ግን ዕድላቸው ጠሞ ሌላ አገር ይጥላሉ። ኦማን ውስጥ ራስ አል ጂንዝ፣ ኬንያ ውስጥ ዋታሙ፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ ቶርቱጌሮ፤ ቀረብ ካልን ደግሞ የቀይ ባሕሮቹ የዳህላክ ደሴቶች። ለጉብኝት ክፍት በሆኑት ዳርቻዎች ያለው ሥርዓት ሲሰሙት ያሳዝናል። አስጎብኚው ሰዉን በጥቂት በጥቂቱ ይከፋፍለዋል፤ አንዱ አስጎብኚ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰው እምብዛም አያስከትልም። «ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ» ይላል። እኛ ዘንድ ጥቁር ለለቅሶ ነው፤ አራስ ጥየቃ ጥቁር ለብሶ የሚሄድ ሟርተኛ ካልሆነ ማን ነው? ሲጋራ አታቀጣጥሉ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ዝም በሉ። ብርሃን ካስፈለገ አስጎብኚው እጅ ላይ ያለች ደብዛዛ ቀይ ባትሪ አለች፤ ቀይ ብርሃን ኤሊን እንደ ነጩ አያስደነግጣትም። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። አንዳንዱ ሌሊት ኤሊ የምትባል ብቅ ሳትል ይነጋል፤ ሰዉም «ደግ ነው» ብሎ አሸዋውን አራግፎ ይመለሳል። ሰው ከፍሎ ዝም ሲባል አያችሁ?

ዝምታን አናውቅም ማለታችን አይደለም። ዋሸራና ጎንጅን ያፈራ አገር፣ ተማሪው ጋቢውን ተከናንቦ ጨለማ ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር የሚያድርበት አገር ነው። ያ ግን ስፒከር ሳይገባ በፊት ነበር።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ፓስፖርቱ ተገኝቶ፣ አንድ የጎጃም ቡድን ወደነዚያ ዳርቻዎች ተነሣ እንበል። ልምዱን የት አገኘው እንዳትሉ፤ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ሲመላለስ ነው ያካበተው። መነሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይባላል። በ10 ሰዓት ቦታው ላይ የሚገኘው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እሱም መሪው ላይ ተኝቷል። 1 ሰዓት ላይ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ደምበጫ ቁርስ፣ ቡሬ ቡና፣ እንጅባራ ከፈረስ ጋር ፎቶ፣ ዳንግላ ላይ ደግሞ እንጅባራ የተረሳውን ሰው በስልክ ፍለጋ። በዚህ ሥልጠና ያለፈ ቡድን ኤሊ ዘንድ በሰዓቱ አይደርስም፤ ቢደርስም ሳይታወቅ አይደርስም።

ኤሊዋ ከማዕበሉ ጫፍ ላይ ብቅ ስትል አንገቷን ቀና አድርጋ ዳርቻውን ትቃኛለች። ያኔ ከምንም ጊዜ በላይ ፈሪ ናት። ነጭ ብርሃን ብልጭ ቢል፣ ሰው ቆሞ ቢንቀሳቀስ፣ ዞራ ወደ ውኃዋ ናት፤ አሸዋው ላይ ወጥቶ የታጠፈ፣ ጉድጓድ የሌለው ዱካ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው እነዚያ ምስኪኖች መንገድ ጠራጊ አስቀድመው ልከው፣ ዱካውን አይቶ እስኪጠራቸው ራቅ ብለው የሚጠብቁት። የእኛ ቡድን ይህን ሁሉ እንግልት በአንድ ቃል ይገላገለዋል፦ «መጣች! መጣች!» አርባ ስልክ በአንድ ጊዜ ይበራል። ኤሊዋ ተመለሰች፣ ጉብኝቱ አለቀ። ፈረንጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥለትን በሦስት ደቂቃ! ሰዓት አናከብርም የሚለን ሁሉ ይህን ይቁጠርልን።

ልበ ደንዳና ሆና ወጣች እንበል። ከማዕበሉ በላይ ደረቅ አሸዋ ፈልጋ መጀመሪያ በፊት እግሮቿ አሸዋውን እየበተነች ሰውነቷ የሚያርፍበትን ገንዳ ታበጃለች። ቀጥሎ የሚመጣው ሊታይ የሚገባው ነው። የኋላ እግሮቿን በየተራ እንደ ጭልፋ አጥፋ አሸዋውን ትጨልፋለች፤ አንዱ ጨልፎ ጎን ላይ በቀስታ ሲያስቀምጥ ሌላው ያረፈበትን አሸዋ ፈንጠር አድርጎ ተራውን ይገባል። አንዴም ዞር ብላ አታይም። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው፤ እንስራ በሉት። ሥር ወይም ድንጋይ ቢያጋጥማት፣ ወይም አሸዋው ደርቆ ቢናድባት፣ ትታው ሌላ ቦታ እንደገና ትጀምራለች። እዚህ ላይ ከመካከላችን አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። «ብቻዋን እኮ ደከማት» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ያግዛታል። እንስራው ይናዳል፣ ኤሊዋ ትነሣለች፣ ደጉ ሰው ግን እጁን እያራገፈ የሚነሣው ፎቶ አለው።

ጉድጓዱ ካለቀ መጣል ትጀምራለች። እንቁላሎቹ ለስላሳ ልባስ ስላላቸው ቢወድቁም አይሰበሩም፤ ሁለት ሦስት እየሆኑ ከዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ይወርዳሉ። አረንጓዴዋ ኤሊ በአንድ ጊዜ 100 ገደማ ትጥላለች፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። አስጎብኚው ሰዉን እንዲጠጋ የሚፈቅደው በዚህ ሰዓት ነው፤ አንዴ መጣል ከጀመረች ብዙ ጊዜ በቀላሉ አታቋርጥም። የሚጠጋው ግን ከኋላዋ ነው፤ ፊቷ ላይ ሄዶ መቆም ክልክል። ከኋላ! ሰው ወላድን ሊጠይቅ ሄዶ ጀርባዋን ብቻ አይቶ ይመለሳል? የእኛ ሰው ዞሮ ፊቷ ላይ ይቆማል፤ ፊቷ የሌለበት ፎቶ የኤሊ ይሁን የድንጋይ በምን ይታወቃል?

«ጋሼ፣ ፍላሹን ያጥፉት።»

«አንተ ልጅ፣ ስንት ብር ከፍዬ ነው የመጣሁት! በጨለማ ብትሸጥልኝ በጨለማ እገዛህ ነበር።»

ፊቷ ሲበራ ደግሞ እንባ ይታያል። የባሕር ኤሊ የሰውነቷን ትርፍ ጨው የምታስወጣው ከዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ ነው፤ ባሕር ውስጥም ያስወጣል፣ የሚያየው የለም እንጂ። የእኛ እናቶች ግን እንባ አይተው ዝም አይሉም። «አይዞሽ እቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አንደኛዋ ቸኩላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ትላለች፤ ገና 30 እንቁላል ላይ ናት። ከዚያ እልልታ ይነሣል፣ ወዲያውም ጭቅጭቅ፦ ለወንድ ነው ለሴት እልል የምንለው? ይህ ጥያቄ ከሊቅም በላይ ነው፤ የኤሊ ጾታ የሚወሰነው ከተጣለ በኋላ በአሸዋው ሙቀት ነውና። 29 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ አሸዋው ከዚያ ሲግል ሴት ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ወንድ። የእልልታውን ቁጥር የሚነግረን ቴርሞሜትር ብቻ ነው። እስከዚያ ግን በጥንቃቄ ለሁለቱም ይባላል።

የማስታወሻ ነገርም አለ። መቼም ከዚያ ሁሉ እንቁላል አንድ ቢነሣ፣ አንድ ቢገላበጥ፣ ምን ይጎዳል? ዶሮ ያሳቀፈ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ታቃፊዋ እንቁላሏን በ21 ቀን ውስጥ ስንቴ ታገላብጣለች። የኤሊ እንቁላል ግን በተጣለ በሰዓታት ውስጥ ፅንሱ ከልባሱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያገላበጠው ገደለው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጎርፍ የሚያሰጋውን እንቁላል ማዛወር ግድ ሲሆንባቸው ቶሎ ብለው፣ ሳያዞሩ፣ ሳይንጡ የሚያዛውሩት። የእኛ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከማንም በላይ ያውቃል፤ የኤሊዋ እንቁላል 50 ወይም 60 ቀን ቆይቶ በእርግጥም በእግሩ ሊሄድ ሲል ግን ተጓዡ ያን ያህል ዓመት ፈቃድ የለውም። በኪሱ ይዞት ይሄዳል።

ስትጨርስ ጉድጓዱን ትደፍናለች፣ በእግሯ ትጠቀጥቃለች፣ ከዚያ ሌላ አውሬ ቦታውን እንዳይለይ በፊት እግሮቿ አሸዋ እየበተነች ዱካዋን ታጠፋለች። ደክሟት ወደ ባሕሯ ስትጎተት በእሷና በውኃው መካከል ማንም መቆም የለበትም ይላል ደንቡ። ታዲያ የቡድን ፎቶ የት ልንነሣ ነው? ባሕሩ ከኋላ፣ ኤሊዋ ከፊት፣ ባነሩ ከላይ፣ ረጃጅሞች ዳር፣ ሕፃናት ቁጢጥ። «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እሷንም ወደዚህ አዙሯት!» አረንጓዴ ኤሊ ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። እንዲህ ያለ ሰርግ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ብርድ ከሆነ ደግሞ እሳት ይነዳል። ደመራ ያለ ወቅቱ አይከፋም። በነጋታው ሌሊት ከሌላ ጉድጓድ የሚወጡት ጫጩቶች ወደ ባሕር የሚሄዱት አድማሱ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታየውን ብርሃን ተከትለው ነው፤ በተፈጥሮ ያ ብርሃን ጨረቃና ከዋክብት የሚያርፉበት ውኃ ነበር። የሆቴል አምፖል ካለ ወደ ሆቴሉ፣ የመኪና መብራት ካለ ወደ መኪናው፣ እሳት ካለ ወደ እሳቱ። የእኛ እሳት የጠራቸውን አያሳፍርም፤ እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ። በእሳቱ ዙሪያ ሲጨፈር የተቆፈረው የጫማ ዱካ ደግሞ ለአንድ ጫጩት ገደል ነው፤ ገብቶ ሲፍጨረጨር ሸርጣን ይደርስለታል። የተረፈው ገረባ፣ ሃይላንድና ፌስታል በማዕበል ይጠረጋል፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ፌስታል ጄሊፊሽ ለምትበላ ኤሊ ጄሊፊሽ ይመስላታል። ስንቃችንን ለማንም አንነፍግም።

ይህን ሁሉ በባዶ ሜዳ አናወራም፤ ልምምዱ ጣና ላይ በየቅዳሜው ሲካሄድ ነበር፣ መንገዱ በተከፈተ ቁጥርም ይካሄዳል። ጣና የባሕር ኤሊ ባይኖረውም ጉማሬ አለው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፤ ቆዳው ፀሐይ አይችልማ። ያወቀ ጀልባ ነጂ ራቅ ብሎ ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጎ ይቆማል፤ ጉማሬው አንዴ ከጠለቀ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላልና የት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ጀልባው ሥርም ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ነጂ ጉርሻ አያገኝም። ጉርሻ የሚያገኘው እስከ አፍንጫው የሚያስጠጋው ነው። ግልገል ያላት እናት ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠጋል፤ ግልገሉ «ያምራላ»።

ከዚያ ጉማሬው አፉን ይከፍታል። ክርን የሚያህል ክራንቻ ወለል ብሎ ይታያል፣ ጀልባው በጭብጨባ ይናጣል፦ «ሳቀልን! ድገመው!» አፍ መክፈቱ ማስፈራሪያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቀው ነጂ ሞተሩን ሊያዞር ሲል እንቦጩ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሟል። ላይፍ ጃኬቱስ? አለ፤ እመቤቶቹ ወንበሩ እንዳያረጥባቸው ተቀምጠውበታል።

ማደር ለሚፈልጉ ደግሞ ድንኳን ይተከላል። በዚህ በኩል የተጓዦቻችን ዓይን የተባረከ ነው። ሐይቁ ዳር ስንት ሸካራ ቦታ እያለ ሁልጊዜ አንዱን የተደላደለ ይመርጣሉ፤ ሣሩ እስከ ሥሩ የታጨደ፣ እንደ ምንጣፍ እኩል የሆነ፣ ከውኃው እስከ ሜዳው ሰፊ የተጠረገ መንገድ ያለው። ድንኳኑን እዚያው መንገዱ አፍ ላይ ይተክሉታል፤ ስፒከሩን ወደ ውኃው ያዞሩታል። ሣሩን ማን እንዳጨደው የሚጠይቅ የለም። አጫጁ ከቶን በላይ ይመዝናል፣ ሲሮጥ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ በእሱና በውኃው መካከል የቆመን አይወድም፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ስለሚግጥ ደግሞ ሥራውን በጊዜ ይጀምራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይወጣል።