የወሎ ተማሪ ጓሳውን በማለዳ ይየው

የወሎ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ሲያወጡ መድረሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ላሊበላ ወይም ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከላሊበላ ከተማ በላይ የሚታየው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት፣ ጓሳ የሚባል የደጋ ሳር የለበሰ ሜዳ አለው። በመካነ ሰላም በኩል የሚገኘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሆነና ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ የሚያየውን የአገሩ ልጅ ሳያይ ያድጋል። ትምህርት ቤቶቻችን በዓመት አንዲት ቅዳሜ እንኳ ለዚህ ሜዳ ይስጡ እላለሁ።

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው አውሬ በማይደርስበት ገደል ላይ ነው፤ ሲነጋ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ወዲያው ግን ወደ ግጦሽ አይሰማራም። ፀሐይ እስኪሞቀው ተኮልኩሎ እርስ በርሱ ጠጉሩን ይፈታተሻል፤ ግልገሎቹ ይሯሯጣሉ፤ ወንዶቹ የላይኛውን ከንፈራቸውን ገልብጠው ድዳቸውንና ጥርሳቸውን እያሳዩ ይዛዛታሉ። የመንጋው ቤተሰባዊ ኑሮ ሁሉ በዚያች ሰዓት ይታያል። ከዚያ በኋላ በሜዳው ተበትኖ ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ ይውላል፤ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት የዝንጀሮ ወገኖች ኑሮውን በሳር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ነው። አርፍዶ የመጣ ጎብኚ የሚያገኘው ከሩቅ ያጎነበሰ ጀርባ ነው።

ቀይ ቀበሮም ማለዳ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የግዛቱን ድንበር ይዞራል፤ ለአደን የሚወጣው ግን ብቻውን ነው። ከወሎ ጋር በሚዋሰነው የመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ይህን አደን ተከታተሉ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67ቱ ሙከራው ይሳካለታል፤ ጭላዳ በሌለበት ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዳውም ከእርሱ አይሸሽም። ለዚህ ግኝት መነሻው ትዕግሥትና የሚያይ ዓይን ነበር፤ ሁለቱም ለወሎ ተማሪ አይቸግሩትም።

እንዲህ ማየት ለእንስሳው ሕይወትም ይጠቅማል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ነው። ገበሬው የበግ ግልገል የሚነጥቀውን ተራ ቀበሮ ከእርሱ ጋር ያምታታል፤ ቀይ ቀበሮ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በአይጥ ነው። አንድ ጊዜ ሲያድን ያየ ልጅ ቤቱ ገብቶ ይህን ለአባቱ ይነግራል።

ዕፅዋቱ ደግሞ የራሳቸው ትምህርት አላቸው። ጓሳው የቤት ክዳን፣ ገመድና የእረኛ ገሳ ነው፤ ለአይጡም መጠለያ ነው፤ ስለዚህ ጓሳው ታርሶ ገብስ ሲዘራበት ቀበሮው ከነምግቡ ይጠፋል። ጅብራ የሚባለው ግዙፍ የደጋ ተክል ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። አስታ የተባለውን ቁጥቋጦና መዓዛማውን ጦስኝ ልጆቹ ራሳቸው ያገኟቸዋል።

መሪዎቹ እዚያው ያሉ እረኞች ይሁኑ፤ የቀን አበልም ይከፈላቸው። መንጋው የትኛው ገደል ላይ እንዳደረ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ውሻ አይወሰድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በመንጋ ፈጅቷል። ለጭላዳ ዳቦ መወርወርም ክልክል ይሁን።

ወላጆች ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ እንደሚሠጉ አውቃለሁ። ለብርዱ ጋቢ አለ። የመንገዱ ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ ሰላም በሌለበት ልጅ ይዞ ሩቅ መውጣት አይገባም። እንዲህ ባለው ጊዜ የደሴ ተማሪ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ይጀምር፤ ወፉንም አበባውንም እዚያው በማለዳ መመዝገብ ይችላል። መንገዱ አስተማማኝ በሆነበት አካባቢ ያሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ መኪናና የእረኞቹን አበል ከወዲሁ በዕቅዳቸው ያስገቡ። ጉዞው ጥቅምት ላይ ቢሆን ዝናቡ አባርቶ ሳሩ ገና ሳይደርቅ ይደረስበታል።