ከተባረረ ይሂድ እንጂ!

የአውስትራሊያ ሰርቫይቨርን (በቡድን ተከፍለው ካምፕ የሚኖሩ ተወዳዳሪዎች እርስ በርስ በድምፅ የሚባረሩበትን የቴሌቪዥን ውድድር) የምትከታተሉ ሰዎች፣ ይሄ ነገር እኔን ብቻ ነው የሚያናድደኝ? ማታ ደክሞኝ ከሥራ ገብቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ እላለሁ። ማስታወቂያው አያልቅም። ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ ቅድም ያየሁትን መልሰው ያሳዩኛል። እሱንም እችለዋለሁ። እገሌ ከእገሌ ጋር ጫካ ገብቶ ይንሾካሾካል፣ ሴራው ይጎነጎናል፣ ሲመሽ ሁሉም ችቦውን ይዞ ወደ ትራይባል ካውንስል፣ ማለትም ድምፅ ወደሚሰጥበት ሸንጎ ይሄዳል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ አቅራቢው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ያነባል። ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው። የመጨረሻው ወረቀት ሲገለጥ ሰውየው ወጣ! እኔም ከሶፋው ብድግ አልኩ! ከዚያ አቅራቢው ኮስተር ብሎ ጨዋታው ገና እንዳላለቀለት ይነግረዋል። ቦርሳህን ይዘህ ወደ ሌላኛው ቡድን ሂድ።

ታዲያ ድምፁ የተሰጠው ለምንድነው?

ኧረ ተዉ! አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ። አንድ ጊዜ መደነቅ ጥሩ ነው። ግን በየሲዝኑ ይመጣል፣ በተለያየ ስም ይመጣል፣ አንዳንዴ ወደ ሌላ ቡድን መላክ ነው፣ አንዳንዴ የተባረሩት ለብቻቸው ተወዳድረው አሸናፊው ይመለሳል ይባላል። አሁንማ ከመልመዴ የተነሳ ሰው ሲባረር ደስታውም ሐዘኑም ቶሎ አይሰማኝም። መጀመሪያ የአቅራቢውን ፊት ነው የማየው። ችቦውን ሊያጠፋ ነው (ችቦው ከጠፋ ሰውየው በእውነት ወጣ ማለት ነው) ወይስ ሊያወራ ነው? የፕሮግራሙ ትልቁ ሰዓት ይሄ ነበር እኮ! እሱን ነው የገደሉብኝ።

ይሄን የምለው ፕሮግራሙን ስለምጠላ አይደለም። እወደዋለሁ፣ ለዚህም ነው የምናደደው። ጨዋታው በ1997 ስዊድን ውስጥ በቴሌቪዥን ሲጀመርም፣ በ2000 አሜሪካ ሲገባም መሠረቱ ያው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሰዎችን ምንም በሌለበት ቦታ ያስቀምጧቸዋል፣ ይራባሉ፣ ዝናብ ይወርድባቸዋል፣ እርስ በርስ ድምፅ እየተሰጣጡ ይቀናነሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ያባረሯቸው ሰዎች ተቀምጠው ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጡ ይወስናሉ። በቃ ይሄው ነው። ድምፁን ካነሳህበት የሚቀረው ካምፕ ወጥቶ ሩዝ መቀቀል ነው።

ለምን እንደሚያደርጉት እኮ ይገባኛል። ሒሳቡን ሥሩት። አሜሪካኖቹ ሲጀምሩ 16 ሰው ለ39 ቀን አስቀምጠው 13 ክፍል ነው የሠሩት። አውስትራሊያ በ2016 ሳሞአ ላይ እንደገና ሲጀመር 24 ሰው፣ 55 ቀን፣ 26 ክፍል! ሁለቱ መጨረሻ ድረስ ይቆያሉ፣ ስለዚህ የሚወጣው 22 ሰው ነው። በዚያ ላይ ታሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚወጣ አለ፣ በቃኝ ብሎ ጥሎ የሚሄድ አለ። የሰዉ ቁጥር አይበቃም! በሳምንት ብዙ ማታ ፕሮግራም መሙላት ስላለባቸው ሰው የማይወጣበት ማታ ይፈጥራሉ። ክፍተቱን የሚሞሉት ደግሞ በእኛ ጊዜና በተወዳዳሪዎቹ ልፋት ነው።

ስለ እኔ ጊዜ እንተወው፣ የተወዳዳሪዎቹ ነው የሚያንገበግበኝ። እስቲ አስቡት። አንዲት ልጅ ቡድኗ ውስጥ ጉልበተኛ ተብሎ የሚፈራውን ሰውዬ ለማስወጣት ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆዷ ስትሮጥ ትውላለች። አንዱን ታሳምናለች፣ ሌላው እንዳይናገርባት ታባብላለች፣ ያልጠረጠረውን ሰው በገዛ ጓደኞቹ ድምፅ ታስወጣዋለች። ይሄ እኮ የጨዋታው ጥበብ ነው፣ ከዚህ በላይ ጨዋታ የለም። ከዚያ ሰውየው ማን እንደከዳው አውቆ፣ ቂሙን ቋጥሮ፣ በሌላ ቡድን ተቀምጦ ይጠብቃታል። ልፋቷን ውሃ በላው። እንዲያውም ባትሠራው ይሻላት ነበር፣ ምክንያቱም አሁን እሷ አደገኛ መሆኗን ሁሉም አይቷል። የተደበቀውን አይዶል፣ ያን ከመባረር የሚያድነውን ዕቃ፣ ፈልጎ ያገኘ ሰውም እንደዚያው ነው። አይዶሉን ይዘህ ከተነሳህ የተሰጡብህ ድምፆች ይሰረዛሉ፣ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ማንም በማይሄድበት ማታ ያንን ካወጣኸው ባዶ እጅህን ቀረህ። ማን ይመልስልሃል?

እዚህ ጋ ሁሌ የሚነሳው የ2021ዱ ነው። በኮቪድ ምክንያት ወደ ደሴት መሄድ ስላልተቻለ ኩዊንስላንድ ውስጥ ክሎንከሪ አካባቢ የተቀረጸው፣ አቧራው ከስክሪኑ ላይ የሚተን የሚመስለው ሲዝን። ሄይሊ ሊክ ድምፅ ተሰጥቶባት ወጣች። ሪደምፕሽን ሮክ በተባለው የመመለሻ መንገድ ተመለሰች። መጨረሻ ላይ ጆርጅ ምላዴኖቭን አሸንፋ 500,000 ዶላሩን ወሰደች። በሄይሊ ላይ አንድም ቃል የለኝም። ጭንቅላቷ የሚገርም፣ ጉልበቷ የሚገርም፣ ከሁሉም ሲዝን ምርጥ ተጫዋቾች ከምላቸው አንዷ ናት። የመመለሻው በር ክፍት ሆኖ ስታገኘው ገባችበት፣ ማንም ይገባበታል። እኔ የምለው በሩን ስለከፈቱት ሰዎች ነው። በዚያ ማታ እሷን ለማስወጣት የደፈሩት ተወዳዳሪዎች ትክክለኛውን ሰው ነበር የመረጡት። በትክክል ተጫውተው ነው የተሸነፉት። ለእነሱ የሚቆረቆር ሰው ግን አላየሁም።

ደግሞ ያለዚህ ተአምር አይፈጠርም የሚሉ አሉ። ኧረ ይፈጠራል! የ2016ቷን ክሪስቲ ቤኔትን ረሳችኋት? ብዙውን ጊዜ ከታች ነበረች፣ ከቁም ነገር የሚቆጥራት አልነበረም፣ ነገ ትወጣለች ነገ ትወጣለች ስንል ቆየች፣ የመጨረሻውን ውድድር አሸነፈች፣ ከሊ ካርሰልዲን ጋር ቀርባ 8 ለ 1 በላችው። ያን ማታ የጮህኩትን ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። በየማታው በእውነት ልትሄድ ትችል ስለነበር እኮ ነው የጮህኩት!

በ2018 ደግሞ ሼን ጉልድ። በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ያጠለቀችው ዋናተኛ፣ በ61 ዓመቷ ፊጂ ላይ ከልጆቿ እኩዮች ጋር አሸዋ ላይ ተኝታ፣ ሻርን ኩምብስን 5 ለ 4 አሸነፈች። በአንድ ድምፅ! አንድ ሰው ብዕሩን ወደ ሌላ ስም ቢያዞር ግማሽ ሚሊዮን ዶላሩ ወደ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። አንድ ድምፅ ይህን ያህል በሚመዝንበት ጨዋታ ውስጥ የስንቱን ሰው ድምፅ ነው እንዲሁ የምትጥሉት?

"ቴሌቪዥን እኮ ነው፣ ምን አስጨነቀህ" የሚለኝ ወዳጅ አለ። እሺ ቴሌቪዥን ነው። እነዚያ ሰዎች ግን የተራቡት እውነተኛ ረሃብ ነው። ሥራቸውን ትተው፣ ልጆቻቸውን ትተው ነው የሄዱት። ጉንጫቸው ገብቶ፣ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አስረውት እናያቸዋለን። ትንሹ ነገር ሕጉን አውቀው ይጫወቱ። እኔ ያልተጠበቀ ነገር አይኑር አላልኩም። ማታ ወደ ሸንጎው ሳይሄዱ ይነገራቸው፦ ዛሬ የሚወጣው ሰው ወደ ሌላኛው ቡድን ነው የሚሻገረው። ያኔ እንዲያውም ሴራው ይጥማል፣ ማንን እንላክላቸው፣ ማን ሄዶ ይጠቅመናል፣ ማን ሄዶ ያጠፋናል ብለው ያስባሉ። ድምፃቸውም ትርጉም ይኖረዋል።

ካልሆነ ደግሞ ያሳጥሩት። በ2025 አውስትራሊያን ከዓለም ያጋጠሙበትን ሲዝን አይታችኋል አይደል? 14 ሰው፣ 16 ቀን፣ ፓርቫቲ ሻሎ አሸነፈች፣ አለቀ። ትንፋሽ አይሰጥም ነበር። አንድም ክፍል ላይ ስልኬን አንስቼ አላየሁም። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችላሉ። ሰው ካነሰባቸው የክፍሎቹን ቁጥር ይቀንሱ። ማስታወቂያ ለመሸጥ ብለው የተባረረን ሰው አይመልሱብን። ድምፅ ተሰጥቶበት ወረቀቱ ከተነበበ ችቦው ይጥፋ፣ ሰውየውም ቦርሳውን ይዞ ይሂድ።