«80 በመቶ እርግጠኛ» ያለው ማን ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች የዓመት ዕቅዳቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መስጠት እየለመዱ ነው። ቻትጂፒቲን ወይም ጀሚናይን ይከፍቱና «ለትናንሽ ሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ መተግበሪያ አለን፤ የአንድ ዓመት ፍኖተ ካርታ አውጣልን» ይሉታል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በሩብ ዓመት የተከፋፈለ፣ በሰንጠረዥ የተደረደረ ዕቅድ ይመጣል። ዕቅዱ ያምራል። ችግሩ፣ ደሴ የሚለውን ሰርዛችሁ ናይሮቢ ወይም ማኒላ ብትሉበት አንድም መስመር መለወጥ አያስፈልገውም።

መሣሪያውን ተዉት እያልኩ አይደለም። ምርት የሚሠራ ቡድን ጉልበቱን የሚጨርሰው የደንበኛን ድምፅ በመለቃቀም ነው፦ በቴሌግራም የመጣ ቅሬታ፣ በስልክ የተነገረ እሮሮ፣ የሽያጭ ሠራተኛው ወረቀት ላይ የጫረው ማስታወሻ። ይኼን ሁሉ ሰብስባችሁ «ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርግ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የደንበኛውን ቃል እንዳለ አስቀምጥ» ብትሉት ቀናት የሚፈጀውን ሥራ በደቂቃዎች ያቀልላችኋል። ስምና ስልክ ቁጥሩን ግን አስቀድማችሁ አውጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጌጥ ሆኖ አልወጣም።

ጣጣው የሚጀምረው ማሽኑ ቅደም ተከተል ሲያወጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ኢንተርኮም የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ያስተዋወቀውን ራይስ የሚባል ስሌት ነው። ሥራው ስንት ደንበኛ ጋ ይደርሳል፣ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ምን ያህል እርግጠኞች ነን የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ይባዙና ሥራው ለሚፈጀው የሰው ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር የሚሠራው ሥራ) ይካፈላሉ። እንበልና መተግበሪያው ላይ ሊጨመር የታሰበው የዱቤ መዝገብ 400 ሱቅ ይደርሳል፣ ጥቅሙ 2፣ እርግጠኝነቱ 80 በመቶ፣ የሚፈጀው 4 የሰው ወር ነው፤ ውጤቱ 160 ይሆናል። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ 300 ሱቅ ይደርሳል እንበል፤ ሌላው ቁጥር ያው ከሆነ ውጤቱ 120 ነው። ስለዚህ ዱቤው ይቅደም ተባለ። አሁን የዱቤውን እርግጠኝነት ብቻ ወደ 50 በመቶ አውርዱት፤ ውጤቱ 100 ይሆንና ወደ ኋላ ይቀራል። የቡድኑን ሥራ ቅደም ተከተል የወሰነው ያ አንድ ቁጥር ነው።

80 ያለው ማን ነው? ማሽኑ ነው። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት ሦስት ያማሩ ምክንያቶች ይደረድራል። «50 አይሻልም?» ስትሉት ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅና ለ50ም ሦስት ምክንያት ያመጣል።

በእኛ አገር ይኼን ቁጥር ይበልጥ የሚያሳስተው የሰዉ ጨዋነት ነው። የወሎ ነጋዴ ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» አይላችሁም። አዲሱን የዱቤ መዝገብ ስታሳዩት «ማሻ አላህ! አላህ ያሳድጋችሁ ልጆቼ» ይላል፤ ቡናም ይጋብዛል። ይኼ ምርቃት ነው። ማሽኑ ጋ ሲደርስ ግን «አዎንታዊ አስተያየት» ተብሎ ይቆጠራል። እናንተ ከሱቁ ስትወጡ ነጋዴው ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ደብተሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ባለሱቅ ሲያገላብጡልኝ እንዳየሁት ገጹ ላይ የሰው ሙሉ ስም የለም፤ «የሰዓዳ እናት»፣ «ባለባጃጁ»፣ «የታችኛው በር» ይላል። የከፈለው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ክፍያ ሳይኖር መስመር ተሰምሯል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሱ ተትቷል» ብለው ገጹን ገለበጡት፤ እኔም አልገፋሁበትም። የዱቤ መተግበሪያ አሻሽል የተባለ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያቀርበው ሐሳብ «ለባለዕዳው በየሳምንቱ አስታዋሽ መልእክት ይላክ» የሚል ነው። ጎረቤቱን በጽሑፍ መልእክት ዕዳ የሚጠይቅ ባለሱቅ ደሴ ላይ ስንት ደንበኛ እንደሚቀረው ራሳችሁ ገምቱ።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። ማሽኑ አንደኛ ሩብ ዓመት ሲል ከጃንዋሪ እስከ ማርች ማለቱ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። እሱስ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል፤ የሚከብደው ጾሙ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። እንደ ወሎ ሁለቱ እምነት በአንድ ግቢ በሚኖርበት አገር ይኼ ማለት ቅቤውና ሥጋው ሲቀዘቅዝ ቴምሩና የሳምቡሳው ዱቄት በዚያው ሰሞን ይሞቃል ማለት ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዐቢይ ጾምም በራሱ ቀመር ይመጣል ይሄዳል። ያለፈውን ዓመት ሽያጭ በፈረንጅ ወር ከፋፍላችሁ ለማሽኑ ብትሰጡት በዓሉ ቦታ የለወጠውን ገበያ «እያደገ ነው» ወይም «እየወደቀ ነው» ብሎ ይተረጉምላችኋል። በተለይ በደቡብ ወሎ ደጋ የገበሬው ገንዘብ በበልጉ እንደሚወሰንም ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል? የጾሙን፣ የበዓሉን፣ የበልጉንና የመኸሩን ጊዜ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከጥያቄው በፊት ስጡት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከየትኛውም የሚከፈልበት መሣሪያ ይበልጣል።

እኔ ብሆን ማሽኑን ዕቅድ አውጪ ከማደርገው ተከራካሪ ባደርገው እመርጣለሁ። ቡድኑ ተቀምጦ፣ ተጨቃጭቆ የራሱን ፍኖተ ካርታ ያውጣ። ከዚያ «ይኼ ዕቅድ ከስድስት ወር በኋላ ከሽፏል እንበል፤ ምን አከሸፈው?» ተብሎ ይጠየቅ። በዚህ ጎበዝ ነው፤ ከሚዘረዝራቸው አሥር ምክንያቶች ሰባቱ ተራ ቢሆኑ እንኳ ሦስቱ ቡድኑ በይሉኝታ ያለፋቸው ይሆናሉ። አለቃው የወደደውን ሥራ «አይረባም» ለማለት ይሉኝታ የሌለው ማሽኑ ብቻ ነውና።

የእርግጠኝነቱ ዓምድ ግን በሰው እጅ ይሞላ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ማን፣ ከየትኛው ሱቅ፣ በየትኛው ቀን እንደሰማው ይጻፍ፤ ምርቃት አይቆጠር። ምንም ያልተጻፈበት ቁጥር ስሌቱ ራሱ ዝቅተኛ ከሚለው ከ50 በመቶ አይለፍ። በዚህ ደንብ ከሄድንና ያለ ኢንተርኔት የመሥራቱ 80 ከሱቅ በተሰማ ቃል ከተደገፈ፣ ከላይ ያነሳሁት የዱቤ መዝገብ ለጊዜው ሁለተኛ ነው፤ አንደኛ ይሁን የሚል ካለ የሚቀጥለውን ሰኞ ገበያ ላይ ያሳልፍ።