የስፖርት መምህራን «ራዕይ» ከማርክ ሊስቱ ይጀምር

የትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት የተጻፈበት ሰሌዳ አይጠፋም። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ዲፓርትመንትም፣ በተለምዶ ስፖርት የምንለው፣ በዓመታዊ ዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የራሱን ያሰፍራል፤ «በአካል የዳበረ፣ በአእምሮ የበሰለ፣ ጤናማና ምርታማ ዜጋ ማፍራት» ዓይነት። ይህን የሚቃወም መምህር የለም። የሚቃወመው ስለሌለ ግን ቁጭ ብሎ የተስማማበትም የለም። ዕቅዱ ማህተም አርፎበት ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ሦስቱ የስፖርት መምህራን ወደ ሜዳ ይወጣሉ፣ ሦስቱም ሦስት የተለያየ ትምህርት ያስተምራሉ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአንድ ክፍል ደረጃ ማርክ ሊስቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። አንደኛው መምህር ከ100 ውስጥ 60ውን ለጽሑፍ ፈተና፣ 20ውን ለደብተር፣ ቀሪዋን 20 ለተግባር ይሰጣል። ሁለተኛው 30 ለቱታና ለስፖርት ጫማ፣ 30 ለስም ጥሪ፣ 40 ለተግባር። ሦስተኛው የእግር ኳስ ሰው ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ቡድን የተመረጠ ልጅ እሱ ዘንድ ከ90 በታች አያገኝም። ያው ልጅ ከ9ኛ ሀ ወደ 9ኛ ሐ ቢዛወር ጉልበቱም ችሎታውም ሳይለወጥ ውጤቱ 25 ማርክ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። እነዚህ ሦስት ማርክ ሊስቶች ሦስት እምነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስፖርት ዕውቀት ነው ይላል፣ ሁለተኛው ሥርዓት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ተሰጥኦ ነው ይላል። የጋራ ራዕይ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነውና ሥራውም ከዚሁ ቢጀምር ይሻላል።

ጊዜው መስከረም ላይ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መምህራን ለምዝገባ ግቢ ውስጥ ባሉበት ሰሞን። ሁለት ከሰዓት፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ይበቃል። እያንዳንዱ መምህር ያለፈውን ዓመት ማርክ ሊስትና አንድ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ይዞ ይመጣል። ውይይት ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ለየብቻው ለአንድ ጥያቄ በሦስት ዓረፍተ ነገር መልስ ይጽፋል፦ ተማሪው 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ እኛ በሌለንበት፣ ምን ማድረግ ይችላል? ለየብቻ መጻፉ ለወጉ ያህል አይደለም። ነባሩ መምህር ቀድሞ ከተናገረ ጀማሪው «እኔም ይህንኑ ነበር የምለው» ብሎ ያልፋል፤ ከኮሌጅ ይዞት የመጣው ሐሳብም እዚያው ይቀራል።

ዓረፍተ ነገሩ በዓይን የሚታይ ወይም የሚቆጠር ነገር መያዝ አለበት። «የስፖርትን ጥቅም ይረዳል» አይሆንም፤ መረዳቱን ማን አየ? «ሳይቆም ለ12 ደቂቃ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል» ይሆናል። «የልብ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል፣ ምን ያህል እንደደከመም ከቁጥሩ ይናገራል» ይሆናል። «ከጓደኞቹ ጋር ያለ ዳኛ ቮሊቦል ይጫወታል፣ ሲጣሉም ጨዋታውን ሳያፈርሱ ይስማማሉ» ይሆናል። ሦስት መምህራን ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ ተቀናንሶ አራት፣ ቢበዛ አምስት ይቀራል። አሥራ ሁለት ግብ የያዘ ወረቀት ስብሰባው ላይ ሁሉንም ያስደስታል፣ ሜዳ ላይ ግን አንዱም አይደርስም።

ለምን አምስት? ሰዓቱን እንቁጠረው። ፈተናው፣ በዓሉ፣ ዝናቡ ወጥቶ በዓመት 30 የሚሠራባቸው ሳምንታት፣ በሳምንትም አንድ ባለ 40 ደቂቃ ፔሬድ አለ እንበል። ከክፍል ሜዳ መድረስ፣ ስም ጥሪ፣ ዕቃ ማውጣት፣ መጨረሻ ላይ እጅ ታጥቦ መመለስ፣ ሲደመር 15 ደቂቃ ይበላል። ቀሪው 25 ነው። በ30 ሲባዛ 750 ደቂቃ፣ ማለትም በዓመት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። የዓመቱ የስፖርት ትምህርት በሙሉ የሁለት ሳምንት ድርሻ እንኳ አይሞላም። ፔሬዱ ሁለት ቢሆንም ሒሳቡ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ልጁን ጤናማ የሚያደርገው ፔሬዱ ራሱ ሊሆን አይችልም፤ ከፔሬዱ ወደ ሰፈሩ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። «እኛ በሌለንበት» የሚለው ቃል ጥያቄው ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው።

ይህ ሒሳብ ብዙ ክርክር ያሳጥራል። የእግር ኳሱ መምህር አንድ ኳስ ለ60 ተማሪ ሲሰጥ 22ቱ ይጫወታሉ፣ 38ቱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ቅርጫት ኳስ የሚወደው ደግሞ ስልሳውን በአንድ ቅርጫት ፊት ያሰልፋል፤ አንዱ ልጅ 15 ሰከንድ ቢወስድ አንድ ዙር 15 ደቂቃ ነው። በ25ቱ ደቂቃ ውስጥ ልጁ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይወረውራል፤ የተንቀሳቀሰው ለ30 ሰከንድ፣ የቆመው ከ24 ደቂቃ በላይ። ሰልፉ ሥርዓት ያለው ስለሚመስል ሱፐርቫይዘሩም በጥሩ ነጥብ ይመዘግበዋል።

መፍትሔው ያልታወቀ ነገር አይደለም፤ ሜዳውን በስድስት ጣቢያ ከፍሎ አሥር አሥር ልጅ መመደብ ነው። አንዱ ጣቢያ ሁለት ኳስ ይዞ ቅርጫት ሥር፣ አንዱ ሁለት ኳስ ይዞ ግድግዳ ላይ የቮሊቦል ሰርቭ፣ አንዱ አምስት የመዝለያ ገመድ ይዞ በየተራ፣ አንዱ በጥንድ መወርወርና መቅለብ፣ አንዱ አሸዋ በተሞሉ ሃይላንዶች መካከል የ10 ሜትር ምልልስ ሩጫ፣ አንዱ ሚዛን መጠበቅ። በየጣቢያው ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ለመቀያየር ሠላሳ ሰከንድ፤ ሁሉም በ24 ደቂቃ ውስጥ ይዞራል። የሚያስፈልገው አራት ኳስ ብቻ ነው። ለመወርወሪያው አምስት የካልሲ ኳስ ይበቃል፦ መሃሉ ላይ ተጨምቆ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ፌስታል፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከላይ ካልሲ አልብሶ አፉን መስፋት። በፌስታል ብቻ የተሠራው ይቀልልና ነፋስ ይወስደዋል፤ ጨርቁ መሃል ላይ የሚገባው ለክብደት ነው።

ጣቢያው የሚከሽፍበት ምክንያትም ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፔሬዶች ሁከት ናቸው፤ ልጆቹ የቱ ወደ የት እንደሚዞር አያውቁም፣ መምህሩ ፊሽካ ሲነፋ ይውላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ወደ አንዱ ኳስ ይመለሳል። የመስከረም ሁለት ፔሬዶች መዞርን ለማስለመድ ብቻ ቢውሉ ቀሪው ዓመት ይቀላል። እዚህ ላይ ነው ስምምነቱ ዋጋ የሚያወጣው፦ ሦስቱ መምህራን አንድ ዓይነት ምልክት ከተጠቀሙ (አንድ ፊሽካ ቁም፣ ሁለት ፊሽካ ወደ ቀኝ ዙር) በ9ኛ የለመደው ልጅ 10ኛ ላይ እንደ አዲስ አይሠለጥንም።

ዓመታዊ ዕቅዱም በጋራ መቀመጥ አለበት፤ የመማሪያ መጽሐፉን የምዕራፍ ቅደም ተከተል ብቻ የተከተለ ዕቅድ ከአገሩ የቀን መቁጠሪያ ጋር ይጋጫል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከሰዓት ፈረቃ ያለ ጿሚ ተማሪ ምንም ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የአምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሆንም። የሩጫ ምዘናው ጥቅምት ላይና ከፋሲካ በኋላ፣ ሚዛንና ቅልጥፍና፣ የጨዋታ ሕግና ዳኝነት በጾሙ ወቅት ቢሆን ማንም አይጎዳም። የ12 ደቂቃውን ሩጫ ለመመዘን አራት ሃይላንድ በ30 በ20 ሜትር ሲተከል አንድ ዙር 100 ሜትር ይሆናል፤ ሠላሳው ይሮጣል፣ ሠላሳው የጥንዱን ዙር ይቆጥራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። በዓመት ሁለቴ ማለት ከ30 ፔሬድ አራቱ ሄዱ ማለት ነውና ከዚያ በላይ መመዘን ብክነት ነው። ልጁ የሚወዳደረው ከጥቅምቱ የራሱ ቁጥር ጋር ነው። ከዚያ በፊት አስምና የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ዝርዝር ከወላጅ መጠየቁ ግዴታ ነው፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው በሽታ በአገራችን ብርቅ አይደለም።

ዋናው ሥራ ግን ማርኩን ማስማማት ነው። ሦስቱ መምህራን ቆመው አሥር ልጆች ቮሊቦል ከታች ሰርቭ ሲመቱ ያያሉ፣ ሳይነጋገሩም ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይጽፋሉ። ኳሷ መረቡን አለፈች ወይስ አላለፈችም ብቻውን አይበቃም፤ ጉልበተኛው በቡጢ መትቶ ያሳልፋታል። የሚታየው አራት ነገር ነው፦ ከሚመታው እጅ ተቃራኒ ያለው እግር ቀድሟል? ኳሷ ወገብ አካባቢ ዝቅ ብላ ተይዛለች? እጁ ከኋላ ወደ ፊት እንደ ዥዋዥዌ መጥቷል? ክብደቱ ወደ ፊተኛው እግር ተዛውሯል? ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ቦታውም መነጋገሪያ ነው፤ ሕጉ ከመረቡ 9 ሜትር ቢልም ለጀማሪ 6 ሜትር ይበቃዋል፣ አለዚያ የምንመዝነው ቅልጥፍናውን ሳይሆን ክንዱን ይሆናል። ወረቀቶቹ ሲነጻጸሩ አንድ ልጅ ላይ የሁለት ነጥብ ልዩነት ከመጣ ልጁ እንደገና ይመታል፣ መምህራኑም ምን እንዳዩ ይናገራሉ። አርባ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ከአንድ ቀን ወርክሾፕ የበለጠ ያስማማል።

የቱታው ማርክ እዚሁ ላይ መውደቅ አለበት። 30 ማርክ ለቱታና ለጫማ መስጠት የወላጅን ኪስ መመዘን ነው። ሴት ተማሪዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ በወር አበባ ምክንያት ቱታ ያልለበሰችው ልጅ ምክንያቷን በክፍሉ ፊት ከመናገር ዜሮውን ትመርጣለች። ልብስ ለደኅንነት አስፈላጊ ነው፣ ስለዚህ ደንብ ይሁን፤ ማርክ ግን አይሁን።

«ታዲያ ቻምፒዮኑ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ምሳሌው ሁልጊዜ በቆጂ ነው፤ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑባት ከተማ። እውነት ነው፣ ያኮራልም። ነገር ግን እሱ ከክፍል ሰዓት ውጭ የተሠራ የአሠልጣኝነት ሥራ ነው። ፔሬዱ የስልሳውም ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ይሠልጥን፤ ዲፓርትመንቱም የአሠልጣኙ ሰዓት እንደ ሎድ፣ ማለትም እንደ መደበኛ የማስተማር ሰዓት፣ እንዲያዝ በጽሑፍ ይጠይቅ። አሁን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥልጠናው በነጻ ይጠበቃል፣ መምህሩም ክፍያውን ከፔሬዱ ያወጣል።

ርዕሰ መምህሩ ለዚህ ሁሉ መፍቀዱ ብቻ አይበቃም። የስፖርት መምህር በብዙ ግቢ ውስጥ ሰልፍ አስከባሪ፣ አርፋጅ ተቆጣጣሪ፣ የበዓል ዝግጅት አስተባባሪ ነው፤ ፈተና ሲቃረብም የስፖርት ፔሬድ ለሒሳብ ሜክ አፕ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ስፖርት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የለም። ዲፓርትመንቱ አንድ ገጽ ይዞ ቢቀርብ፣ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች፣ የማርክ ክፍፍሉና የተወሰደ ፔሬድ የሚተካበት ቀን ያለበት፣ ልመናው ወደ ሥራ ንግግር ይለወጣል። ፔሬድ ሲወሰድ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀኑን መመዝገብም ያስፈልጋል። በሴሚስተሩ መጨረሻ «ስድስት ፔሬድ ሄዷል» ማለትና «ሁልጊዜ ይወስዱብናል» ማለት ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ውስጥ አንድ አይደሉም።

ወረቀቱ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር። መምህር ይዛወራል፤ ዲፓርትመንት ኃላፊው የጻፈው ሰነድ ከኃላፊው ጋር ይሄዳል። ቅጂው በዕቃ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢለጠፍ፣ ኳስ ሊያወጣ የመጣ ሁሉ በየቀኑ ያየዋል።

ጥር ላይ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሮስተር ከመዘጋቱ በፊት፣ እያንዳንዱ መምህር ከሌላው ሴክሽን አሥር ልጅ በዕጣ ወስዶ ተግባሩን እንደገና ይመዝን። ልዩነቱ በአማካይ ከ5 ማርክ በታች ከሆነ ሮስተሩ ይፈረም። ከ10 ከበለጠ የሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያ ስብሰባ አጀንዳ እሱ ብቻ ይሁን፤ ሰርቩን ያዩት ሦስት ሰዎች ሜዳው ላይ ተመልሰው እንደገና ይዩ።