ስማቸው እንኳ አይነበብ?
በጭጋጋማ ሌሊት ወደ ጦርነት መታሰቢያ የሚሄድ ሰው ስም ፍለጋ ነው የሚሄደው፤ የሚጠብቀው ግን ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ብርሃን ነው። ያንን ሁሉ ፓውዛ ፊት ለፊት የደቀነው ማን ይሆን? ጭጋግ እኮ የውሃ ብናኝ ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ተመልካቹ ላይ ይረጨዋል። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል በሌሊት የሚነበበው ከጎን በሚመጣ ለዘብ ያለ መብራት ነው፤ ጥላው ያወጣዋል።

በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ከ58,000 በላይ ስሞችን ይዟል። ሰው በጣቱ እየዳሰሰ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው! እኔም በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ እየጠረግሁ አንድ ስም በመከራ አነበብሁ። አጠገቤ የነበሩት እናት ግን የፈለጉትን ሳያገኙ ተመለሱ። ይህ ያንገበግባል። መብራቱን የተከሉት ሰዎች አንድ ሌሊት መጥተው ራሳቸው ያንብቡት!