ክቡር ማስተርስ፣ ኑርልን

አንዳንድ ሰው ማጣጣል ይወዳል። «ይሄ ሁሉ ማስተርስ ምን ሊሠራልን ነው?» ይላል። ተዉት፣ ምቀኝነት ነው። እኔ ዛሬ የተቀመጥኩት ላመሰግን ነው። በውጭ ቋንቋ ማስተርሳቸውን የያዙትን ላመሰግን ነው። ሊይዙ የተመዘገቡትንም። ኮርሱን ጨርሰው ቴሲስ የሚባለውን የመመረቂያ ጥናት ለማስገባት «ትንሽ የቀራቸውን» ደግሞ በተለየ ሁኔታ። እነዚህ ወገኖች ትንሽ እንደቀራቸው ይወልዳሉ፣ ትንሽ እንደቀራቸው ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባሉ። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል?

የውጭ ቋንቋ ስንል አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ማለታችን ነው። ፈረንሳይኛውም፣ ዓረብኛውም፣ ቻይንኛውም አለ። ሰዉ የሚጋፋው ግን ቴፍል በሚባለው በር ላይ ነው፤ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያኔ ስድስት ኪሎ ገብቶ ማስተርስ ይዞ መውጣት ብርቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ከወንበር ይነሱለት ነበር አሉ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የክረምቱ አለ፣ የማታው አለ፣ የቅዳሜና እሑዱ አለ። ያ ባህል ቢቀጥል ኖሮ ታክሲ ውስጥ የሚቀመጥ አይገኝም ነበር። ሁሉም ለሁሉም እንደተነሳ መገናኛ ይደርሳል።

ጉዞው በማመልከቻ ይጀምራል። ከማመልከቻው ሁሉ የማደንቀው የድጋፍ ደብዳቤውን ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያውቁህ መምህራን ይመስክሩልህ ይላል። የሚያውቅህ መምህር የለም። ሰውዬው ስንት መቶ ተማሪ አስተምሯል፤ አንተ ደግሞ ኋላ ነው የምትቀመጠው። ቢሆንም ትሄዳለህ። «ዶክተር፣ ያስታውሱኛል?» ትላለህ። «አዎ፣ አዎ» ይልሃል፣ ከአንተ ኋላ ያለውን ሰው እያየ። «ራስህ ጻፈውና አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ።»

ራስን ማመስገን በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ለማስተርስ ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ማታ ትቀመጥና በመምህርህ አፍ ስለ ራስህ ትጽፋለህ። በማስተማር ዘመኔ እንደ እሱ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፣ ትላለህ። ትጉህ ነው፣ ትሑት ነው፣ የመሪነት ችሎታው ልዩ ነው። ነገሩ ከጓደኛህ ደብዳቤ የተቀዳ ስለሆነ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «እሷ» ይልሃል። ምንም አይደል። መምህሩ ፈርሟል። አንብቦትም ሊሆን ይችላል።

ለምን መማር እንደፈለግህ የምትገልጽበት ገጽ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ እንደ ሕዝብ አንድ ነን። ሁላችንም የምንማረው ለሀገራችን የትምህርት ጥራት የበኩላችንን ለማበርከት ነው። በብዙ ነገር የተለያየን ሕዝብ በዚህች ገጽ ላይ እንዲህ መስማማታችን ያስለቅሳል። «የደመወዝ እርከን» የሚል ነገር እዚያ ገጽ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ አምና ይዞ ዘንድሮ ተሹሟል የሚልም የለም።

ከዚያ ሰዉ ኤንጋት የሚለው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ። ይሄን ቶሎ ልለፈው፤ ቴሌግራም ላይ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜም ልለፈው። ወጪ መጋራቱን ያልጨረሰ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን የሚጀምረው የመጀመሪያውን በእጁ ሳይነካ ነው። ይሄም ተስፋ ነው።

ኮርሱ ራሱ በግሩፕ አሳይመንት ያልፋል። ሰባት ሰው ይመደባል። አንዷ ትሠራለች። ስድስቱ ማታ በየተራ ይደውላሉ፣ «እባክሽ ስሜን እንዳትረሺ»። የምትሠራዋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ናት፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ዝም የምትል፣ ፊት የምትቀመጥ። የስድስቱ ማስተርስ ላይ የእሷም ስም ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የእኔ ሥራ ማመስገን ነው፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አሁን ቴሲስ።

ርዕሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የ9ኛ ክፍል መምህራን የመናገር ክሂልን ለማስተማር የሚጠቀሙባቸው ስልቶችና የሚያጋጥሟቸው ተግዳሮቶች፦ በእንትን ትምህርት ቤት ተተኳሪነት። ይሄ ርዕስ ተሠርቶበታል ካሉህ 9ኛን 10ኛ ታደርገዋለህ። እሱም ተሠርቶ ከሆነ መናገርን በመጻፍ ትቀይራለህ። አራት ክሂል በአራት ክፍል፣ ትምህርት ቤቱን እንኳን ሳትለውጥ 16 ቴሲስ ይወጣል። ነዳጅ የለንም የሚሉ ሰዎች ይሄን ሀብት አላዩም።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ተመረጠ? ሳይንሳዊ መልስ አለው። ዓላማ ተኮር ናሙና ይባላል። ዓላማው ከካምፓሱ በአንድ ታክሲ መድረሱ ነው። በዚህ የተነሳ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በምድር ላይ እጅግ የተጠና ፍጡር ሆኗል። በየዓመቱ መጠይቅ ይሞላል። ልጁ አሁን ልምድ አለው። አንደኛው ጥያቄ ላይ «እስማማለሁ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ራይት ያደርግና እስከ 40ኛው ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ተመራማሪው አመስግኖ ይሰበስባል። የመረጃው ወጥነት ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ ብሎም ይጽፋል።

አንድ ችግር ግን አለ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ አይገባቸውም። ስለዚህ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። አስተውሉ፣ ጥናቱ ልጆቹ ለምን እንግሊዝኛ አቃታቸው የሚል ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማሩ ኖረዋል። 9ኛ ሲደርሱ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሆኖባቸዋል። ቀለል ያለ መጠይቅ ግን ማንበብ አልቻሉም። ጥናቱ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ግን አያልቅም፣ ገና 70 ገጽ ይቀራል።

ግኝቱ ሁልጊዜ ይገኛል። ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ተማሪው ፍላጎት የለውም። የመፍትሔ ሐሳቡም አይጠፋም፤ ሚኒስቴሩ ሥልጠና ይስጥ፣ ሌሎች አጥኚዎችም በጉዳዩ ላይ ተጨማሪ ጥናት ያድርጉ። ሌሎች አጥኚዎች ታዛዥ ናቸው፣ ያደርጋሉ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። ሁሉም ቢያልፍ እኮ «ተግዳሮቶች» የሚለው ምዕራፍ በምን ይሞላ ነበር?

ወደ ሥራ ክፍፍሉ ልምጣ፤ ኢኮኖሚያችን በዚህ ነው የሚደነቀው። በየካምፓሱ በር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን»፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ትሕትናቸውን እዩልኝ። እንሠራለን አላሉም፣ እናማክራለን ነው ያሉት። ደውለህ «ርዕስ የለኝም» ስትል «እሱንም እናማክርሃለን» ይሉሃል። ምዕራፍ አንድ ቀድሞህ ከተመረቀ ሰው ይመጣል። ምዕራፍ ሁለት ድሮ ከኢንተርኔት ነበር የሚለቀመው፣ አሁን ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል። ምዕራፍ ሦስት ከአዳም ጀምሮ ያው አንድ ነው። ምዕራፍ አራትን ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚችል አንድ ልጅ አለ፣ እሱ ያወጣዋል። ልጁ ራሱ የተማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው።

ከዚያ ቴሲሱ ወደ ቋንቋ አራሚ ይሄዳል። አዎ። የእንግሊዝኛ ማስተማር ማስተርስ የሚይዝ ሰው እንግሊዝኛውን የሚያርምለት ሰው ይቀጥራል። በዚህ የሚስቅ ሰው ዓለምን አያውቅም። ልብስ ሰፊ የራሱን ሱሪ ይሰፋል እንዴ?

ተማሪው ራሱ ምን ይሠራል እንዳትሉ። የምስጋናውን ገጽ ይጽፋል። ይሄ ገጽ የማንም እጅ ሳይገባበት ከልብ የወጣ ስለሆነ ስሕተቱ ሁሉ ኦሪጅናል ነው። በቅድሚያ ፈጣሪን፣ ቀጥሎ «ያለ እሳቸው ገንቢ አስተያየት ይህ ሥራ አይሳካም ነበር» የተባሉትን አድቫይዘር፣ ከዚያ ባለቤቱን፣ ከዚያ መጠይቁን የሞሉትን ልጆች። አማካሪ ድርጅቱ አልተጠቀሰም። ለምሥጢር ጠባቂነት ነው።

ዲፌንስ ቀን፣ ቴሲሱ ፈታኞች ፊት በሚቀርብበት ቀን፣ ሱፍ ይለበሳል። ዘመድ አበባ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ውስጥ ፈታኙ ገጽ 34 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ሠንጠረዡን ያያል፤ ፊቱ ላይ ከዚህ በፊት ተዋውቀው እንደማያውቁ ይታያል። ያኔ ያቺን ተአምረኛ ዓረፍተ ነገር ያመጣታል፤ «ኮሜንቱን እቀበላለሁ።» ፈታኙ ጥያቄ ነው እንጂ ኮሜንት አይደለም ይላል። «እሱንም እቀበላለሁ።» ሁለተኛውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይጀምሩታል፣ መሀል ላይ ሁሉም ተስማምተው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ቴሲሱ የእንግሊዝኛ መምህራን ክፍል ውስጥ አማርኛ ማብዛታቸውን አጥብቆ ይነቅፋል። ለማንኛውም፣ ኮማዎቹ ይስተካከሉ ተባለ፤ አለፈ። እልልታ።

ከዚያ ጥራዝ ነው። ጠንካራ ልባድ፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ። አንዱ ለዲፓርትመንት፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር። መጠይቁ የተሞላበት ትምህርት ቤት አንድ ቅጂ ይድረሰው ተብሎ በመፍትሔ ሐሳቡ ላይ ተጽፏል። ርዕሰ መምህሩ እየጠበቁ ነው።

እስካሁን ያመሰገንኩት ሥርዓት ያላቸውን ዜጎች ነው። አሁን ሥርዓት ስለሚያፈርሱት ትንሽ ልናገር፤ መቼም በየቦታው አሉ። ላሊበላ ብትሄዱ ቱሪስት ተከትሎ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ያቀላጠፈ አስጎብኚ ታገኛላችሁ። ማን ፈተነው? ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ፈረንሳይኛ ያስተምራል። ማታ ማታ እየተመላለሰ ተምሮ የሚናገር ሰው ሞልቷል። ይዞ የሚወጣው ግን ሰርተፊኬት ነው። በሰርተፊኬት እርከን ያደገ ማን ነው?

የባሱት ደግሞ ከዓረብ አገር የሚመለሱት ናቸው። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የመጣች አንዲት እህት አለች እንበል። በዓረብኛ ትቆጣለች፣ ሒሳብ ትተሳሰባለች። የከለከሏትን ደመወዝ በዓረብኛ ተከራክራ ተቀብላለች። የማዳምን ልጆች አፍ ያስፈታቻቸውም እሷ ናት። ግን በምን ፈቃድ? ናሙናዋ የት ነው? አድቫይዘሯስ ማን ነበሩ?

ይቺው እህት አንድ መሥሪያ ቤት የዓረብኛ አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። ማስታወቂያው «በውጭ ቋንቋዎች ማስተርስ ዲግሪ ያለው/ያላት» ይላል። የሰው ኃይሉ ሰውዬ ማስረጃ ጠየቃት። ኢቃማዋን፣ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አወጣች። «እህቴ፣ ኢቃማ እንደ ትምህርት ማስረጃ አይያዝልሽም» አላት፣ በጨዋነት።

ቦታውን ተገቢው ሰው አገኘው። ጎረቤቷ ነው፣ ቴፍል ነው ያጠናው። ዲግሪው ላይ የውጭ ቋንቋዎች ይላል፤ ዓረብኛ ደግሞ የአገር ውስጥ ነው ያለ የለም። ሥራውን በትጋት ይሠራል። ከሪያድ ሲደወል በአንዱ ስልክ ሪያድን፣ በሌላው እሷን ይይዛል። ሁለቱንም ስፒከር ላይ ያደርጋቸዋል። «እህቴ፣ ምን አሉ?» ይላታል። ሰውዬው ጭነቱ ለምን ዘገየ እያለ ነው ትለዋለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች። እሱም ማስታወሻው ላይ ያሰፍርና ከሥሩ ይፈርማል። ውለታዋን የሚረሳ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፒኤችዲውን ሲጀምር የመጀመሪያውን መጠይቅ እሷ እንድትሞላለት ከአሁኑ ቃል ገብቶላታል።