ላይቭ የገባ ሁሉ ጋዜጠኛ

ዘንድሮ ደሴ ላይ «ምን ተፈጠረ?» ብለህ ስትጠይቅ መልሱ «እገሌ ላይቭ ገብቶ እንዲህ አለ» ነው። ማን ነገረው? የት ሆኖ አየ? የሚጠይቅ የለም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ለመግባት የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። አንዱ ባሕር ማዶ ቁጭ ብሎ «መንገዱ ተዘጋ!» ሲል መናኸሪያው ይታመሳል፣ ታሪፉም ይሰቀላል። አንድ ሾፌር ጋ ደውሎ ማጣራት እኮ ደቂቃ አይፈጅም። ቪዲዮው ሲታይ የአምና ነው። ዝናቡም የሌላ አገር!

ደግሞ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ጋዜጠኛው ደመወዙ ለቤት ኪራይ አልበቃ ሲለው ዩቲዩብ ከፈተ። የቀረው መግለጫ ያነባል። እኛም መግለጫ ሲሰለቸን ነው ወደ ቲክቶከሩ የሮጥነው፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ።

ሕግማ አለ። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። 5,000! ዛሬ በዚህ ቁጥር የሚኩራራ የፒያሳ ጎረምሳ እንኳ አታገኝም።

ይባስ ብሎ ባለሥልጣኑም ቃለ መጠይቅ የሚሰጠው ለባለ ብዙ ተከታዩ ሆኗል። ለምን አይሰጥ? የሚያስጨንቅ ጥያቄ የለማ! «እዚህ ለመድረስ ምን ያህል ታገሉ?» ይለዋል፣ ይሳሳቃሉ፣ ሰልፊ ይነሳሉ። የሰፈራችን ቧንቧ ለምን እንደደረቀ ማን ይጠይቅልን?